አራት በአራት ክፍል ውስጥ መዝሙር መቅዳት

በከምባታና በሐድያ ከተሞች መዘምራን የሌሉት የወንጌላውያን አጥቢያ ማግኘት ያዳግታል። በሺንሺቾም እንደ ዱራሜና እንደ ሆሳዕና ሁሉ ኪቦርድ የሚጫወትና «አንድ መዝሙር እቤቴ ልቅዳ» ብሎ የሚነሣ ወጣት አይጠፋም። የመጀመሪያ ጥያቄው ብዙውን ጊዜ «የትኛውን ማይክ ልግዛ?» የሚል ነው። ከእሱ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ፦ የሚቀዳበት ክፍል ራሱ ምን ዓይነት ድምፅ አለው? የቤት ስቱዲዮ ሥራ ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው ድምፁ ኮምፒውተር ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው። ሚክስ፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች ማመዛዘንና ማዋሐድ፣ በደንብ የተቀዳውን ያሳምራል እንጂ የተበላሸውን አያድንም።

ድምፅን ለማስቀረጽ ባሕር መሻገር የግድ የነበረበት ዘመን ነበር። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዜማቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ጀርመን ሄደው ነው። በእኛ ዘመን ግን ድምፃዊቷ ቢሊ አይሊሽ ከወንድሟ ከፊኒያስ ጋር በወላጆቻቸው ቤት መኝታ ክፍል ውስጥ የሠራችው አልበም እ.ኤ.አ. በ2020 የግራሚን የዓመቱ ምርጥ አልበም ሽልማት ወስዷል። መኝታ ቤት መሆኑ ብቻውን እንቅፋት አይደለም፤ ክፍሉን ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

ክፍሉን ማረቅ

በአገራችን የተለመደው አራት በአራት ክፍል ለቀረጻ አስቸጋሪ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አራት ሜትር በሚራራቁ ሁለት ግድግዳዎች መካከል ሲመላለስ 43 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ወፍራም ድምፅና ብዜቶቹን ያጎላል። ርዝመቱና ወርዱ እኩል ሲሆኑ ደግሞ ሁለቱም አቅጣጫዎች የሚያጎሉት ያንኑ ድምፅ ስለሚሆን ችግሩ ይደራረባል። ቤዙ አንድ ቦታ ላይ ሲያጓራ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ሲሉ የሚጠፋው ለዚህ ነው። እንግዲህ ለመዘመርም ሆነ ሚክስ ለማድረግ የክፍሉን እምብርትና ማዕዘኖቹን መሸሽ ይበጃል።

ቀጫጭኑን ድምፅ ለመፈተሽ ክፍሉ መሐል ቆሞ አንድ ጊዜ ማጨብጨብ በቂ ነው። ከጭብጨባው በኋላ «ትርርር» የሚል ነገር ከተከተለ ባዶዎቹ ግድግዳዎች ድምፁን እየተቀባበሉት ነው። መፍትሔው ለስላሳና ወፍራም ነገር ነው፦ የስፖንጅ ፍራሽ፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ፣ ጋቢ፣ ልብስ የሞላ ቁም ሣጥን። ብርድ ልብሱ ከግድግዳው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ቢሰቀል ከተለጠፈው የበለጠ ይውጣል። ብዙዎች የሚለጥፉት የእንቁላል ካርቶን ግን ስሙ ከሥራው ይገዝፋል፤ ከላይኛው ድምፅ ትንሽ ይቀንሳል፣ የጎረቤትን ጫጫታ አያግድም፣ ለቤዙም ምንም አይፈይድም። የ100 ኸርዝ ድምፅ ሞገድ ከሦስት ሜትር በላይ ስለሚረዝም ስስ ካርቶን አያቆመውም።

በጣም ርካሹና ውጤታማው ዘዴ ወደ ማይክ መቅረብ ነው። በአፍና በማይክ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል፤ የክፍሉ ማስተጋባት ግን ባለበት ይቆያል። ከ60 ሴንቲ ሜትር ወደ 15 የቀረበ ዘማሪ ከክፍሉ ጩኸት 12 ዴሲቤል ተለይቶ ወጣ ማለት ነው። ከመጠን በላይ መቅረብም የራሱ ጣጣ አለው፤ አብዛኞቹ የመዝሙር ማይኮች ሲቀርቧቸው ቤዝ ይጨምራሉ። አንድ ስንዝር ጥሩ መነሻ ነው።

ቆርቆሮ፣ ዝናብና መብራት

የቆርቆሮ ጣሪያ ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ ከፍ ባለ ድምፅ ሲዘመር ራሱ ይንቀጠቀጣል። ኮርኒስ ያለው ክፍል፣ ኮርኒሱ ከማዳበሪያ ጆንያ የተሠራ እንኳ ቢሆን፣ ምንም ከሌለው ይሻላል። ሁለተኛው ዝናቡ ነው። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ብርድ ልብስ አያስቆመውም፤ ድምፅን ለማገድ ልስላሴ ሳይሆን ክብደት ያስፈልጋል። ድምፅ የሚያጸዱ ፕሮግራሞች እንደ ቬንትሌተር ያለውን ወጥ ድምፅ በመጠኑ ይቀንሳሉ፤ ዝናብን ሲያወጡ ግን የዘማሪውን ድምፅም አብረው ስለሚፍቁ ከውኃ ውስጥ የሚመጣ ያስመስሉታል። ክረምት ላይ የሚያዋጣው ሰዓት መምረጥ ነው። ዝናቡ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ከሆነ ድምፅ የሚቀዳው ጠዋት ይሁን፤ ኪቦርድ በገመድ መቅዳትና ሚክስ ማድረግ ለዝናቡ ሰዓት ይቆዩ። የባጃጁ፣ የገበያው ቀንና የዶሮው ጩኸትም በዚሁ ስሌት ይታያሉ።

የውጭ ድምፅ ሁሉ ግን ጠላት አይደለም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት አዲስ አበባ በሚገኘው የቤተሰባቸው ቤት እየዘመሩ ፒያኖ ሲጫወቱ በተራ ቴፕ ቀድተውት ነበር። ቀረጻው በ2024 «ሱቬኒርስ» በሚል አልበም ሲወጣ ከዜማው ጋር ከመስኮቱ ውጭ ያሉ ወፎችም ይሰማሉ፤ አድማጭም ወደደው። አንድ ሰው በአንድ መሣሪያ ለብቻው ሲቀዳ አካባቢው የሥራው አካል ሊሆን ይችላል። ብዙ ድምፅ በየተራ ተቀድቶ በሚደራረብበት ዝማሬ ግን እያንዳንዱ ትራክ የየራሱን ጫጫታ ይዞ ስለሚመጣ ስምንት ትራክ ስምንት ጊዜ ያህል ጫጫታ ያከማቻል።

የኤሌክትሪክ ጉርምርምታም አለ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ የመሬት ሽቦ በሌለው ወይም በተበላሸ ቤት ያ «ኡምም» የሚል ድምፅ በቀረጻው ውስጥ ይገባል። ላፕቶፑን ከሶኬት ነቅሎ በባትሪ መቅዳት ብዙ ጊዜ ያጠፋዋል፤ መብራት ድንገት ቢሄድም ሥራው አይቋረጥም።

ምን ይገዛ?

ኮንደንሰር ማይክ ረቂቅ ድምፅ ይይዛል፤ ለዚያም ድምፁን ወደ ላፕቶፕ ከሚያስገባው ኢንተርፌስ 48 ቮልት ይፈልጋል። ችግሩ የክፍሉን ማስተጋባትና የጎረቤቱን ሬዲዮም በዚያው ንቃት መያዙ ነው። ዳይናሚክ ማይክ ተቀርቦ ስለሚዘመርበት ባልተስተካከለ ክፍል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ዝቅ ያለ ምርጫም አይደለም፤ ማይክል ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1982 ለወጣው «ትሪለር» የዘፈነው በሹር ኩባንያ ዳይናሚክ ማይክ ነው። አጥቢያው ውስጥ ለመድረክ የሚያገለግል ጥሩ ማይክ ካለ በእሱ መጀመር ይቻላል። ከማይክ ቀጥሎ ባለሁለት መግቢያ ኢንተርፌስና ጆሮ የሚሸፍን የተዘጋ ማዳመጫ ያስፈልጋል። የ«በ»ንና የ«ፐ»ን ትንፋሽ ለመስበር ሽቦ ላይ የተወጠረ ስቶኪንግ ይበቃል።

ኪቦርዱን በማይክ መቅዳት አያስፈልግም፤ ከላይን መውጫው በገመድ በቀጥታ ይገባል። ክራር ከሆነ ማይኩ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይቀመጥ፤ ትክክለኛው ቦታ በጆሮ እየተፈለገ ነው የሚገኘው። መዘምራን በአንድ ማይክ ሲቀዱ ደግሞ ሚዛኑ የሚጠበቀው በሰው አቋቋም ነው፤ ድምፁ የገነነው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ለስለስ ያለው ወደ ፊት። ስድስት ሰው ያንኑ የመዝሙሩን ክፍል ሁለት ጊዜ ዘምሮ አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ቢደረግ ትልቅ ኳየር መምሰል ይጀምራል።

ሲቀዳ

የመቅጃው ፕሮግራም በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት ይስተካከል። በዚህ መጠን አንድ ማይክ በደቂቃ 8.6 ሜጋ ባይት ያህል ይይዛል። ሌላው ቁልፍ ነገር የድምፁ ከፍታ ነው፦ ዘማሪው በጣም በሚጮህበት ቦታ መለኪያው ከዜሮ በታች በ12 እና በ6 ዴሲቤል መካከል ይድረስ። 24 ቢት ሰፊ ስለሆነ ዝቅ ብሎ የተቀዳ በኋላ ከፍ ይላል፤ ዜሮን አልፎ የተቀደደ ድምፅ ግን የፈሰሰ ውኃ ነው፣ አይታፈስም።

ዘማሪው የራሱን ድምፅ ዘግይቶ ከሰማ ምቱን ይስታል። የዚህ ምክንያቱ በፕሮግራሙ ውስጥ «በፈር» የሚባለው ቁጥር ነው። በ48 ኪሎ ኸርዝ 1024 ላይ ሲሆን ከ21 ሚሊ ሰከንድ በላይ ያዘገያል፤ 128 ላይ ከሦስት በታች ይወርዳል። ስለዚህ ሲቀዳ ዝቅ ይደረጋል፤ ሚክስ ሲደረግ፣ ኮምፒውተሩ እንዳይንተፋተፍ፣ መልሶ ከፍ ይላል።

ሚክስ

ሚክስ የሚጀምረው ከድምፅ ማሳመሪያ ፕለጊን ሳይሆን ከድምፅ ልክ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ትራኮች ዝቅ አድርጎ የዘማሪውን ድምፅ ማስቀደም፣ ከዚያ ቤዙንና ምቱን፣ በመጨረሻ ኪቦርዱን እየጨመሩ ማመዛዘን። ቃሉ የማይሰማ መዝሙር ምንም ቢዋብ ግቡን ስቷል።

ቀጥሎ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለይቶ የሚጨምረውና የሚቀንሰው ኢኪው ይመጣል። ከዘማሪው ድምፅ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ያለው ባብዛኛው የትንፋሽና የወለል ድምፅ ስለሆነ ይቆረጥ። ሣጥን ውስጥ የታፈነ የሚያስመስለው ከ200 እስከ 400 ኸርዝ፣ የ«ሰ»ና የ«ሸ» ፉጨት ደግሞ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ኸርዝ ይፈለጋል። ኪቦርዱ የዘማሪውን ድምፅ ከሸፈነው ድምፁን ከማስጮህ ይልቅ የኪቦርዱን መካከለኛ ክፍል ትንሽ መቀነስ ይሻላል።

ኮምፕሬሰር ከፍ ያለውን ዝቅ አድርጎ ዝማሬውን ያስተካክላል። ሦስት ለአንድ በሆነ መጠን ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል መቀነስ ለመነሻ በቂ ነው። እዚህ ላይ አማርኛም ሆነ ከምባትኛ ዘማሪ የሚጠነቀቅበት ነገር አለ፦ በቋንቋዎቻችን «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ» ፈንድተው የሚወጡ ድምፆች ናቸው። የኮምፕሬሰሩ አታክ፣ ማለትም ድምፁን መቀነስ የሚጀምርበት ፍጥነት፣ በጣም ከፈጠነ ጫፋቸውን ይበላና ቃሉን ያድበሰብሳል፤ ከ10 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ ቢሰጠው ያልፋሉ።

ከዜማ የወጣ ድምፅን የሚያስተካክለውን ኦቶ ቲዩን የሚጠቀም ሰው ለፕሮግራሙ ቅኝቱን ያሳውቀው። ዜማው በትዝታ ሜጀር ከሆነ ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ይመረጡ፤ ፕሮግራሙ በቅኝቱ ውስጥ የሌለ ኖታ ላይ እንዳይጎትተው። ፍጥነቱም ይቀነስ፤ ካልሆነ የዘማሪው ድምፅ መርገብገብ ተላጭቶ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ድምፅ ያወጣል። ሰው ሠራሽ ማስተጋባት፣ ማለትም ሪቨርብ፣ ሲጨመርም ከመጠን ማነሱ ይሻላል፤ መዝሙሩ በተንቀሳቃሽ ድምፅ ማጉያ አዳራሽ ውስጥ ሲከፈት አዳራሹ የራሱን ይጨምርበታል።

ሲጠናቀቅ በሞኖ ይደመጥ፤ ብዙ ስልክና የአዳራሽ ማጉያ ግራና ቀኙን አንድ አድርጎ ነውና የሚያሰማው። ከዚያ በርካሽ ስልክ፣ በማዳመጫና በመኪና ይሞከር። ዩቲዩብ ከመጠን በላይ የጮኸውን ራሱ የድምፅ ጩኸት በሚለካበት ሉፍስ ከዜሮ በታች ወደ 14 ገደማ ዝቅ ስለሚያደርገው ሌላውን ለመብለጥ መጨፍለቅ ትርፉ መቀደድ ብቻ ነው።

ደቡብ አፍሪካ ያለ ወንድም ድምፁን ቀድቶ መዝሙሩ ውስጥ ሊገባ ቢፈልግ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አይላክ፤ ያ ድምፁን ይጨምቀዋል። ዌቭ ሆኖ በፋይል መልክ ይላክ፣ ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋ ባይት ይቀበላል። ሁሉም ትራክ ከአንድ መነሻ ሰከንድ ጀምሮ ይውጣ፤ ተቀባዩ በቦታው ሲያስቀምጠው ልክ ይገጥማል። ያልተነካው ቀረጻም ከላፕቶፑ ሌላ ሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ ሚክሱን ነገ የተሻለ ጆሮ ያለው ሰው እንደገና ሊሠራው ይችላል፣ የጠፋን ቀረጻ ግን ማንም አይሠራውም።