ለሩቁ የተቀመጠ ሳህን

ልጆቻችሁ ከእናንተ ጋር ሊጥ የነኩት መቼ ነው? እኔ እንግዳ ሲበዛብኝ፣ “ሥራ ታስፈቱኛላችሁ” እያልኩ ልጆቼን ከማድ ቤት አስወጣ ነበር። የዩክሬናውያንን ልማድ ሳውቅ ግን ራሴን ወቀስኩ።

ቫሬኒኪ የሚሉት ምግብ አላቸው። ሊጡ በስሱ ተዳምጦ በክብ በክብ ይቆረጣል። መሐሉ ላይ ድንች፣ ጎመን ወይም ቼሪ ይደረግና ጠርዙ በጣት ተቆንጥጦ ይቀቀላል። አንዱ ይዳምጣል፣ ሌላው ይሞላል፣ ትንንሾቹ ይቆነጥጣሉ። ቀይ ሥር የሚገባበት ቦርሽ የሚባለው ሾርባ ደግሞ በየቤቱ ይለያያል። ጦርነቱ ብዙዎችን ከቤታቸውና ከጓሯቸው ስላፈናቀለ፣ የአሠራሩ ባህል እ.ኤ.አ. በ2022 አስቸኳይ ጥበቃ ከሚሹ ቅርሶች ጋር በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

በገና ዋዜማ በልማዱ 12 ዓይነት የጾም ምግብ ይቀርባል። ዋናው ኩትያ፣ ማለትም በማርና በፖፒ ፍሬ የተለወሰ የተቀቀለ ስንዴ ነው። በብዙ ቤት በሞት ለተለየ ወይም በሩቅ ላለ ዘመድ አንድ ሳህን ይቀመጣል።

እናንተስ በሩቅ ያለ ሰው የላችሁም? ካርድ ሥሩለት። እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ የተመዘገበው የፔትሪኪቭካ መንደር የአበባ ሥዕል በድመት ፀጉር ብሩሽ፣ አንዳንዴም በጣት ይሣላል። ወፍራም ወረቀት ለሁለት እጠፉ። ባል ግንዱን፣ ሚስት ቅጠሉን ትሣል። ልጅ ጣቱን ቀይ ቀለም አስነክቶ ፍሬዎቹን ያኑር። ውስጡ፣ “ቦታህ አልተነሣም” ብላችሁ ጻፉ። ሥዕሉ ባያምር አትፈሩ፤ ተቀባዩ የሚያየው የእጃችሁን አሻራ ነው።