ስለ ንብ መንደፍና ባልንጀራን ስለ መርዳት

ልጆች ሆይ፤ ንብ ትጉህ ፍጥረት እንደ ሆነች፥ ማሯም ለሰው እንደሚጠቅም ታውቃላችሁ። ነገር ግን መርዝ ያለበት መንደፊያ አላት። ብዙ ሰው ንብ ብትነድፈው የተነደፈው ስፍራ ብቻ አብጦ ከጥቂት ቀን በኋላ ይድናል። የአንዳንዱ ሰው ሰውነት ግን ያችን ጥቂት መርዝ እንደ ታላቅ ጠላት ቆጥሮ ከልክ ያለፈ ጦርነት ይከፍታል፤ በዚህም ራሱን ይጎዳል። ይህም አለርጂ ይባላል። ሌላውን ሰው ደግሞ እንዲሁ የሚያደርገው ኦቾሎኒ፥ እንቁላል፥ ወተት፥ ዓሣ ወይም መድኃኒት ነው።

ሻርል ሪሼና ፖል ፖርትዬ የሚባሉ የፈረንሳይ ሊቃውንት ከባሕር እንስሳ የወጣ መርዝ ለውሻ ሰጡ። ውሻውም በመጀመሪያ ጊዜ ደኅና ሆነ፤ ከሳምንታት በኋላ ጥቂት ቢሰጡት ግን ወዲያው ታሞ ሞተ። እነርሱም ይህን ብርቱ ሕመም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1902 ዓመት አናፊላክሲስ ብለው ሰየሙት። ስለዚህ «ዓምና ነድፋኝ ምንም አልሆንሁም» ብሎ መታበይ አይገባም።

የሕመሙ ምልክት ይህ ነው። ቆዳው ሽፍ ይላል፥ ያሳክከዋል፤ ከንፈሩና ምላሱ ያብጣል፤ ድምፁ ይዘጋል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ያስመልሰዋል፤ ራሱን ያዞረዋል። ይህም ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ባልንጀራችሁን እንዲህ ሆኖ ብታዩት አትሳቁበት። አንዱ ሮጦ አስተማሪውን ይጥራ፤ ሌላው ከእርሱ አይለይ። በጀርባው አስተኝታችሁ እግሩን ከፍ አድርጉለት፤ መተንፈስ ቢያስጨንቀው ግን እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥ። «ተሻለኝ» ቢልም ተነሥቶ እንዳይሄድ ከልክሉት፤ በድንገት ቢቆም ደሙ ወደ እግሩ ወርዶ ሊሞት ይችላልና። መድኃኒቱ አድሬናሊን ነው። እርሱንም የተማረ ሰው ሳይዘገይ በጭኑ ውጫዊ ጎን በመርፌ ይወጋዋል። ያበጠውን ጉሮሮ ይከፍታል፥ የደከመውን ልብ ያበረታል። ከ5 ደቂቃ በኋላ ባይሻለው ሁለተኛ ይወጋል። ቢሻለውም ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት።

ደግሞም ባልንጀራችሁ «ይህ ምግብ ያመኛል» ቢላችሁ፥ «በሞቴ ጉረስ» ብላችሁ አታስጨንቁት። ማጉረስ የፍቅር ምልክት ነው፤ የሚጎዳውን አለማጉረስ ግን ከዚያ የሚበልጥ ፍቅር ነው። ይህ ሕመም ያለበትም ልጅ ሳያፍር ለአስተማሪውና ለባልንጀሮቹ አስቀድሞ ይንገር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና።