አግድም የተቆረጠ ዋንዛ

እስክሪብቶ በእንጨት ቶርኖ ማውጣት ራሱ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ጎኑ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቁራጭ ይበሳል፣ የናስ ቱቦ ይጣበቅበታል፣ በመሮ ተከርክሞ ይለሰልሳል፣ መጨረሻ ላይ የብረት ጫፍና ማንጠልጠያ ይገጠምለታል። ማከራከር ያለበት ቁራጩ ከጣውላው የሚወጣበት አቅጣጫ ነው። ልማዱ የእንጨቱ ጅማት ከእስክሪብቶው ጋር በቁመት እንዲሄድ ማድረግ ነው፤ ጅማቱ እስክሪብቶውን የሚያቋርጠው፣ ከጣውላው ወርድ የሚወጣው ቁራጭ ግን ይናቃል። በነቀምትም ሆነ በጉቴ ለአልጋና ለቁም ሣጥን የሚቆረጥ የዋንዛ ጣውላ ጫፉ ላይ የሚጥለው ጉማጅ በአብዛኛው ቁመቱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ ግን የጣውላው ሙሉ ወርድ ነው። በቁመቱ ምንም የማይወጣው ይህ ጉማጅ በአግድሙ እስክሪብቶ ይወጣዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። እንዲህ የተከበረ እንጨት ጉማጁ ምድጃ ውስጥ መግባቱ ያሳዝናል።

«አግድም የተቆረጠ እንጨት ይሰበራል» የሚለው ክስ ከእውነት ተነሥቶ የተሳሳተ ቦታ የሚደርስ ነው። እንጨት ጥንካሬው በጅማቱ ርዝመት ነው፤ ጅማቱን አቋርጦ ለሚጎትተው ኃይል እጅግ ደካማ ነው። የመጥረቢያ እጀታ ወይም የወንበር እግር አግድም ቢቆረጥ በመጀመሪያው ቀን ለሁለት ይከፈላል። እስክሪብቶ ግን የወንበር እግር አይደለም። ሥራው ሲያልቅ በናሱ ቱቦና በውጩ ገጽ መካከል የሚቀረው እንጨት ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የሚያጎብጠውን ኃይል የሚሸከመው ቱቦው ነው፤ ጫፉና ማንጠልጠያውም የሚገቡት ቱቦው ውስጥ እንጂ እንጨቱ ውስጥ አይደለም። «ሲገጣጠም ይሰነጠቃል» የሚል ቢኖር፣ በቁመት የተቆረጠውም ከውስጥ ሲገፋ በጅማቱ ላይ መሰንጠቁ አይቀርም። በሁለቱም ዘንድ ጥፋተኛው ቱቦው ውስጥ የደረቀ ሙጫ ሳይጠርግ፣ ብረቱንም አጣምሞ የሚጫን ሰው ነው።

አግድሙ የሚሰጠው ውበት ደግሞ በቁመት ከተቆረጠው አይገኝም። ክቡ ቁራጭ በሁለት ጎኑ የተቆረጠ የጅማት ጫፍ፣ በሁለቱ ደግሞ የተኛ ጅማት ያሳያል። የጅማቱ ጫፍ ቅባት አብዝቶ ስለሚጠጣ ይጠቁራል፤ ስለዚህ እስክሪብቶው በጣት ሲሽከረከር ቀለሙ ጨለም፣ ፈካ፣ ጨለም፣ ፈካ ይላል። ወይራ ላይ፣ ጥቁር መስመሮቹ ስላሉ፣ ይህ ይበልጥ ያምራል። በሥራውም ላይ ያልታሰበ ጥቅም አለ። በቁመት የተቆረጠ ቁራጭ ሲበሳ ፑንታው ጅማቱን ተከትሎ ይስታል፤ በአግድሙ ላይ ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ችግሩ መውጫው ላይ ነው፤ እንጨቱ ይፈነቀላል። ቁራጩን ረዘም አድርጎ መተውና ፑንታው ሳይወጣ አቁሞ ትርፉን በመጋዝ መቁረጥ ይበቃል። ይህን አንድ ደቂቃ የማይታገሥ ሰው እንጨቱን ሊወቅስ አይገባም። በደነዘዘ መሮ የሚገባም እንዲሁ፤ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ስለቱ ሁለት ጊዜ የጅማት ጫፍ ስለሚያገኝ፣ ስል መሮና ስስ ፍቅፋቂ ግድ ነው። የመጨረሻው መጠን ላይ ሊደረስ ሲል ቀጭን ሱፐር ግሉ ቢያጠጡት ላላው ጅማት ይያዛል። በብርጭቆ ወረቀት ሲለሰልስ ደግሞ የተለመደው ሕግ ይገለበጣል። በቁመት የተቆረጠው ላይ ቶርኖው ሲዞር የሚተወው ጭረት ጅማቱን ስለሚያቋርጥ ጎልቶ ይታያል፤ በአግድሙ ግን በተኛው ጅማት በኩል ጭረቱ ከጅማቱ ጋር አብሮ ስለሚሄድ ይደበቃል።

ክብደት ያለው ተቃውሞ የእርጥበት ነው፤ ይህን ማቃለል አይገባም። እንጨት ሲደርቅ በጅማቱ ርዝመት የሚያጥረው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ በወርዱ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ይኮማተራል። ስለዚህ በአግድም የተቆረጠ እስክሪብቶ ቁመቱ ራሱ ያጥራል፣ ክቡም ወደ ሞላላ ያደላል። የወለጋ ክረምት ረጅምና ዝናባማ ነው፤ በሐምሌ የተሠራ እስክሪብቶ ድሬዳዋ ሲደርስ እንጨቱ ከብረት ቀለበቱ ቢሸሽ አያስደንቅም። መፍትሔው ግን አግድሙን መተው ሳይሆን መታገሥ ነው። ቁራጮቹ ትንንሽ ስለሆኑና የጅማታቸው ጫፍ በሁለት ረጅም ጎን ክፍት ስለሆነ ከወፍራም ጣውላ በጣም ፈጥነው ይደርቃሉ። በበጋ፣ ከፀሐይ ርቆ አየር በሚያገኝበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ በየሳምንቱ በትንሽ ሚዛን መመዘን ነው፤ ክብደታቸው መቀነሱን ሲያቆም መብሳት ይቻላል። ከተበሱ በኋላም ቱቦው ወዲያው አይጣበቅ፤ ውስጡ አየር እንዲያገኝ ጥቂት ቀናት ይቆዩ።