ማንን እንለውጥ? የተሸናፊ ቡድን ደጋፊዎች ክርክር



ቅዳሜና እሁድ ማታ ከዒሻእ በኋላ ዶርም ውስጥ የሚነሳውን ክርክር ሁላችንም እናውቀዋለን። የምንደግፈው የእንግሊዝ ክለብ ተሸንፏል። አንዱ «ያንን ተከላካይ ሸጠው ይገላግሉን» ይላል። ሌላው «ችግሩ አሰልጣኙ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ የራሱን አሰላለፍ ይደረድራል። እስከ እኩለ ሌሊት ቆይተን እንተኛለን፤ በማግስቱ ከዚያው እንቀጥላለን።

በዚህ ዕትም ይህንኑ ክርክር ከእኛ ርቆ በሚገኝ ስፖርት በኩል ልናየው ፈለግን፤ በአይስ ሆኪ። የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ ተጫዋች እንደ እግር ኳሱ በገንዘብ አይሸጥም፤ በሌላ ተጫዋች ወይም በወደፊት ምርጫ ይለወጣል። ስለዚህ ክለቡ የሰጠውንና የተቀበለውን በሚዛን ሁለት ጎን አስቀምጦ ማየት ይቻላል። ሁለተኛው ምክንያት አንድ ፎቶ ነው። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋንጫው መስጂድ የገባ ዕለት

ናዚም ካድሪ የሊባኖስ ዝርያ ያለው ካናዳዊ ነው። በ2022 ከኮሎራዶ ክለብ ጋር የሊጉን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ ሲያነሳ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ሙስሊም ተጫዋች ሆነ። በሆኪ ልማድ እያንዳንዱ አሸናፊ ዋንጫውን ለአንድ ቀን ወደ ወደደበት ይወስደዋል። ካድሪ በኦገስት 2022 ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ካናዳዋ ለንደን ወስዶ መስጂድ አስገባው። ፎቶውን ያየን ብዙ ነን።

ፎቶው የማይነግረን ግን አለ። ካድሪ ከሦስት ዓመት በፊት የቶሮንቶ ተጫዋች ነበር። በ2018ም በ2019ም በጥሎ ማለፉ ወቅት በሠራው ጥፋት ከጨዋታ ታግዶ ቡድኑን አጎደለ፤ ቡድኑም ሁለቱንም ጊዜ በመጀመሪያው ዙር ወደቀ። «ይሂድልን» ያለ ደጋፊ ጥቂት አልነበረም። በጁላይ 2019 ወደ ኮሎራዶ ተለወጠ። ቶሮንቶ በምትኩ ካገኛቸው መካከል ዋነኛው ተከላካይ ታይሰን ባሪ ሲሆን አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ተጫውቶ ሄደ። ዛሬ ወደ ኋላ ተመልክቶ «ያ ልውውጥ ስሕተት ነበር» ማለት ቀላል ነው። በዚያን ጊዜስ?

ጨዋታው እንዴት ይሠራል?

ክርክሩን ለመረዳት ጥቂት ሕጎችን ማወቅ ይበቃል። ሊጉ 32 ክለቦች አሉት። ወራጅ ቀጠና የሚባል ነገር የለም፤ የመጨረሻው ክለብም በቀጣዩ ዓመት እዚያው ነው። እስከ 2025-26 ድረስ እያንዳንዱ ክለብ 82 ጨዋታ ይጫወት ነበር፤ 16ቱ ወደ ጥሎ ማለፉ፣ ወደ ፕሌይኦፍ፣ ይገባሉ። በአንድ ጨዋታ 20 ተጫዋች ይሰለፋል፤ 18 የሜዳ ተጫዋችና 2 ግብ ጠባቂ። በበረዶው ላይ በአንድ ጊዜ የሚገኙት ግን ግብ ጠባቂውን ጨምሮ 6 ናቸው። ሩጫው ከባድ ስለሆነ ተጫዋቾቹ በየአርባና ሃምሳ ሰከንዱ ይቀያየራሉ። ጨዋታው 60 ደቂቃ ሲሆን ኮከብ የሚባለው አጥቂ እንኳ የሚጫወተው 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልን፤ ምርጡ ሰው ከጨዋታው ሁለት ሦስተኛውን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያል።

ከዚህ በላይ የደመወዝ ጣሪያ አለ። በ2018-19 አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በሙሉ ሊመድብ የሚችለው 79.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ክለቡ ሀብታም ቢሆንም ከጣሪያው አያልፍም። ስለዚህ አንድ ተጫዋች ሲገመገም ጥያቄው «ጎበዝ ነው ወይ?» ብቻ አይደለም፤ «ለዚህ ደመወዝ፣ ለዚህን ያህል ዓመት፣ ይህን ቦታ ይዞ ማንን ያስቀራል?» ነው። አንዳንድ ውሎች ደግሞ ተጫዋቹ የማይሄድባቸውን ክለቦች እንዲዘረዝር ይፈቅዳሉ። ካድሪ ራሱ በ2019 ወደ ካልጋሪ ክለብ የመሄድ ሐሳብ ቀርቦለት አልተቀበለም። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ነፃ ሆኖ በራሱ ምርጫ ካልጋሪ ገባ።

የመጨረሻው ድራፍት ነው። በየዓመቱ ወጣት ተጫዋቾች ለክለቦቹ በተራ ይታደላሉ። ደካማው ክለብ እንዲያንሰራራ ተብሎ ቀድሞ የመምረጥ ትልቁ ዕድል ለመጨረሻዎቹ ይሰጣል። ቅደም ተከተሉ በዕጣ ስለሚወሰን ግን ዋስትና የለም። ይህ የምርጫ ተራ ራሱ እንደ ገንዘብ ይለወጣል።

ባፋሎ፤ 14 ዓመት ጥበቃ

ባፋሎ በኒው ዮርክ ግዛት ምዕራባዊ ጫፍ፣ በካናዳ ድንበር ላይ ያለች ከተማ ናት። ክለቧ ባፋሎ ሴበርስ ከ2011-12 እስከ 2024-25 ለ14 ተከታታይ የውድድር ዘመናት ፕሌይኦፍ አልገባም። በሊጉ ታሪክ ይህን ያህል የቆየ ሌላ ክለብ የለም። በነዚያ ዓመታት አራት ጄኔራል ማናጀሮች ተፈራረቁ፤ አሰልጣኞቹም ሰባት ደረሱ። በ2011 ክለቡን መደገፍ የጀመረ የሰባት ዓመት ልጅ አንድም የፕሌይኦፍ ጨዋታ ሳያይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኗል ማለት ነው።

ደጋፊዎቹ በመጀመሪያ የተከራከሩት «ሆን ብሎ መሸነፍ ይሻላል ወይ?» በሚለው ነበር። በ2015 ድራፍት ኮነር ማክዴቪድ የሚባል ልዩ ወጣት ይጠበቅ ነበር። ባፋሎ መጨረሻ ከወጣ የመጀመሪያውን ምርጫ የማግኘት ዕድሉ 20 በመቶ ነው። በማርች 2015 ባፋሎ በሜዳው ከአሪዞና ጋር ተጫውቶ በጭማሪ ሰዓት ግብ ሲገባበት የራሱ ደጋፊዎች ለተጋጣሚው ግብ ጨፈሩ። የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል እንዲሉ። ባፋሎ መጨረሻ ወጣ፤ ዕጣው ግን ለኤድመንተን ደረሰና ማክዴቪድ ወደዚያ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። ባፋሎ በሁለተኛ ተራው ጃክ አይክልን ወሰደ።

አይክልም ጎበዝ ነበር፤ አምበል ሆነ። ቡድኑ ግን መሸነፉን አላቆመም። ክርክሩ «ማንን እንለውጥ?» ወደሚለው ዞረ። ሦስት ትላልቅ ልውውጦች ተከተሉ።

የመጀመሪያው ራያን ኦራይሊ ነው። በ2018 ጸደይ ሽንፈቱ ስለ በዛበት ለጨዋታው ያለው ፍቅር እየጠፋ እንደነበር በአደባባይ ተናገረ። ብዙዎች «እንዲህ የሚል ሰው ይውጣልን» አሉ። በጁላይ 1 ቀን 2018 ወደ ሴንት ሉዊስ ተለወጠ። ቀኑም በአጋጣሚ አልተመረጠም፤ በዚያ ዕለት 7.5 ሚሊዮን ዶላር ጉርሻ ሊከፈለው ነበርና ዕዳው ወደ አዲሱ ክለብ ተሻገረ። በዓመቱ ሴንት ሉዊስ ዋንጫ አነሳ፤ ኦራይሊም የፕሌይኦፉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

ሁለተኛው ሳም ራይንሃርት ነው። በጁላይ 2021 ወደ ፍሎሪዳ ሄደ። በ2023-24 በመደበኛው ውድድር 57 ግብ አስቆጠረ፤ በጁን 2024 በመጨረሻው ሰባተኛ ጨዋታ ላይ ዋንጫውን የወሰነችውን ግብ ያገባውም እሱ ነው።

ሦስተኛው አምበሉ አይክል ራሱ ነው። በ2021 አንገቱ ላይ ጉዳት ደረሰበት። እሱ አንድ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ፈለገ፤ ክለቡ ሌላ ዓይነት አለ። በሊጉ ስምምነት መሠረት የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ክለቡ ነበርና ነገሩ ለወራት ተጎተተ። አምበልነቱን ተነጠቀ፤ በኖቬምበር 2021 ወደ ቬጋስ ተለወጠ፤ በመረጠው መንገድ ታከመ፤ በ2023 ዋንጫ አነሳ።

ጅብ ከሄደ በኋላ

ሦስቱም ከባፋሎ ወጥተው ዋንጫ ማንሳታቸውን ሲያይ ሁሉም ሰው «ብዬ ነበር» አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ? እስቲ በየቀኑ የተባለውን በቅደም ተከተል እንየው።

ኦራይሊ በሄደ በአምስተኛው ወር፣ በኖቬምበር 2018፣ ባፋሎ 10 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ የሊጉ መሪ ሆኖ ነበር። በዚያ ሳምንት ልውውጡ ትክክል ይመስል ነበር። ቡድኑ ከዚያ ወርዶ ፕሌይኦፍ ሳይገባ ቀረ፤ በጁን 2019 ኦራይሊ ዋንጫ ሲያነሳ ልውውጡ ቅሌት መሰለ። በምትኩ ከመጡት አንዱ ቴጅ ቶምፕሰን የሚባል ወጣት ነበር፤ እስከዚያ ብዙም አልታየበትም። በ2021 ግን አዲስ አሰልጣኝ ከክንፍ ወደ መሃል አጥቂነት አዛወረው። በ2021-22 38 ግብ፣ በ2022-23 ደግሞ 47 ግብ አገባ። ልውውጡ ያው አንድ ነው፤ ፍርዱ ግን ሦስት ጊዜ ተገለበጠ።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ከባፋሎ ወጥተው ዋንጫ ያነሱትን በስም እንጠራቸዋለን። ወጥተው ምንም ያላገኙትን ግን ማንም አይቆጥራቸውም። የሚታወሰውን ብቻ ቆጥሮ የሚደመድም ሰው ሒሳቡ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል።

ከሁሉም በላይ ትልቁን ትምህርት የሰጠችን ግን ሴንት ሉዊስ ናት። በጃንዋሪ 2019 መጀመሪያ ላይ ኦራይሊን ይዞም ቡድኑ ከሊጉ ሁሉ መጨረሻ ነበር። «በትኑትና እንደገና ጀምሩ» የሚለው ድምፅ በየአቅጣጫው ይሰማ ነበር። ክለቡ ኮከቦቹን አልበተነም። ከሁለት ወር በፊት አሰልጣኙን ቀይሮ ነበር፤ አሁን ደግሞ በ2011 መርጦት ለዓመታት በታችኛው ሊግ ያቆየውን ግብ ጠባቂ ጆርዳን ቢኒንግተንን አስገባ። ልጁ በቋሚነት በተሰለፈበት የመጀመሪያ ጨዋታ ግብ አላስገባም። ከአምስት ወር በኋላ ዋንጫው በእጃቸው ነበር። መድኃኒቱ ከውጭ አልመጣም፤ እቤታቸው ተቀምጦ ነበር።

ፊውዙ ነው ወይስ መስመሩ?

ከእኛ መካከል ኤሌክትሪካል የሚማሩ ይህን ያውቁታል። ፊውዝ ከተቃጠለ ይቀየራል። በማግስቱ ደግሞ ከተቃጠለ፣ በሦስተኛው ቀንም ከተቃጠለ፣ አራተኛ ፊውዝ ፍለጋ ገበያ የሚሮጥ ባለሙያ አይባልም፤ መስመሩን ይፈትሻል። ባፋሎ ሦስት ጎበዝ ሰዎችን ነቅሎ ሦስቱም ሌላ ቦታ በርተዋል። እንግዲያውስ የተቃጠለው ፊውዝ ነበር ማለት ያስቸግራል። አንድ ሰው ከ60 ደቂቃ 20ውን ብቻ በሚጫወትበት ስፖርት ቀሪውን 40 ደቂቃ ማን ይሸፍናል? ግቡን ማን ይጠብቃል? አሰልጣኝ በየሁለት ዓመቱ ሲቀያየር ወጣቱ የማንን አጨዋወት ይልመድ?

ይህ ማለት ግን መለወጥ ሁሉ ጥፋት ነው ማለት አይደለም። ሲጀመር አይክልና ክለቡ በአንገቱ ሕክምና ላይ ካልተስማሙ በኋላ ልውውጡ ከቀሩት መንገዶች የተሻለው ሳይሆን አይቀርም። ልውውጥን ስንመዝን አራት ጥያቄዎች ይጠቅሙናል። ወሳኙ ሰው በዚያን ቀን ምን ያውቅ ነበር? ሌላ ምን አማራጭ ነበረው? የተቀበለው ነገር መቼ ነው የሚያፈራው፣ ዘንድሮ ወይስ ከአራት ዓመት በኋላ? ደግሞስ የቡድኑ ጉድለት በእርግጥ ያ ሰው የቆመበት ቦታ ላይ ነው?

ነገሩ ከባፋሎ ድረስ የራቀ እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ሴሚስተር በዲፓርትመንቶች ውድድር ሁለት ጨዋታ ተሸንፈን ስናበቃ ስብሰባ ተቀምጠን በረኛችንን አወረድነው። በአዲሱ በረኛ ሦስተኛውንም ተሸነፍን፤ ለካ ኳስ ስንነጠቅ ከመሃል ወደ ኋላ የሚመለስ ሰው አልነበረንም። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ሜዳ አልመጣም። ዶርሙ ድረስ ሄደን ዐፍው በለን አልነው። «እኔ እኮ ስትሰበሰቡ ጠርታችሁኝ ቢሆን ኖሮ ያየሁትን እነግራችሁ ነበር» አለን። ከግቡ ሆኖ ሜዳውን በሙሉ የሚያየው እሱ ነበር፤ ሳንጠይቀው ነበር የፈረድንበት።

ክርክሩን ተዉ አንልም፤ እኛም አንተውም። የሚቀጥለው ቅዳሜ ክለባችሁ ሲሸነፍ ግን «ማን ይውጣ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ጎደለ?» በሉ።

በቀጣዩ ዕትም ኢንሻአላህ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዓለይኩም።