ፋይዳ ምን ይመዘግባል? ማንስ ያያል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በየደረጃው ወደ ክልል ከተሞች በወረደው የብሔራዊ ባንክ ውሳኔ መሠረት፣ አዲስ የባንክ ሒሳብ መክፈት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚጠየቀው የፋይዳ ቁጥሩን ነው። መቀሌ ሰሜን ክፍለ ከተማ የሚኖር ነጋዴም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። ፋይዳ የአገሪቱ ዲጂታል መታወቂያ ነው፤ ሕጋዊ መሠረቱን ያገኘው በ2015 ዓ.ም. በወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ነው። የዓለም ባንክ ለሥራው 350 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል፤ ዕቅዱም 90 ሚሊዮን ሰው መመዝገብ ነው።

ምዝገባው ክፍያ የለውም። ተመዝጋቢው ስሙን፣ የትውልድ ቀኑን፣ ጾታውንና አድራሻውን ያስመዘግባል፤ የቀበሌ መታወቂያ ወይም ሌላ ሰነድም ያሳያል። ሰነድ የሌለው ደግሞ አስቀድሞ የተመዘገበ ሌላ ሰው ምስክር አድርጎ መቅረብ ይችላል። በትግራይ ጦርነት ከቀያቸው ሲፈናቀሉ ወረቀታቸው ለጠፋባቸው ሰዎች ይህ በር ትልቅ ትርጉም አለው። ቀጥሎ የአሥር ጣቶች አሻራ፣ የሁለቱ ዓይኖች ብሌንና የፊት ፎቶ ይነሣል።

መሣሪያው በአሻራው ላይ መስመሮቹ የሚያልቁበትንና የሚከፈሉበትን ነጥብ ለይቶ ወደ ቁጥር ይለውጣል። ያ ቁጥር ከዚያ በፊት ከተመዘገቡት ሁሉ ጋር ይነጻጸራል፤ ሌላ ቦታ ካልተገኘ ለሰውየው 12 አሃዝ ያለው ልዩ ቁጥር ይሰጠዋል። በየአገልግሎቱ የሚያቀርበው ባለ 16 አሃዝ ተለዋጭ ቁጥርም አለው። ከዚያ በኋላ ባንኩ የሚያስፈልገው «ይህ ሰው ነኝ ያለውን ነው ወይ?» የሚለውን ማጣራት ብቻ ነው። አንድን ሰው ከራሱ መዝገብ ጋር ማመሳከር ቀላል ነው፤ ከሚሊዮኖች መሀል መለየት ግን ከባድ ነው። ብሌንም የሚመዘገበው ለዚህ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የመቀሌን ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ ሰው የጣቱ መስመር ሊደበዝዝ ይችላል፤ ዓይኑን ግን መዶሻው አይነካውም።

ፋይዳ የማይጠይቀው ነገርም አለ፤ ብሔርና ሃይማኖት። በብዙ ቦታ የቀበሌ መታወቂያ ብሔርን ይጽፍ ነበር። በትግራይ ጦርነት ወቅት ያ መስመር ምን ሊያስከትል እንደሚችል ታይቷል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ በአዲስ አበባ ፖሊስ ሰዎችን መንገድ ላይ አስቁሞ መታወቂያ እያየ የትግራይ ተወላጆችን ያስር እንደነበር ዘግቧል። ስለዚህ ከመዝገቡ ላይ አንድ መስመር መጉደሉ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ስምና አድራሻ አሁንም ተጽፈዋል፤ የስም አወጣጥ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከስም ብዙ ያነብባል።

እንዲህ ያለ መዝገብ የሚያመጣው ሥጋት ሦስት ፊት አለው። የመጀመሪያው ስርቆት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአሜሪካ የፌዴራል ሠራተኞች መዝገብ 5.6 ሚሊዮን ሰዎች የጣት አሻራቸው ተሰርቋል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ጣት ግን አይቀየርም።

ሁለተኛው ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ መረጃ ለሌላ መዋሉ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳጋለጠው፣ ከምያንማር ወደ ባንግላዴሽ የሸሹ ሮሂንጋዎች እርዳታ ለማግኘት ሲመዘገቡ የሰጡት መረጃ በባንግላዴሽ መንግሥት በኩል ለሸሹት መንግሥት ተላልፏል። በዚያው ዓመት አፍጋኒስታን በታሊባን እጅ ስትወድቅ አሜሪካ ሠራሽ የአሻራና የብሌን መመዝገቢያ መሣሪያዎችም አብረው ተወረሱ። በሁለቱም ቦታ ሰብሳቢው የታመነ ነበር፤ ጉዳቱ የመጣው መዝገቡ ሌላ እጅ ከገባ በኋላ ነው።

ሦስተኛውን የመቀሌ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ መቋረጥ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ስልክም ባንክም ተዘግቶ ነበር። መቀሌ ላይ ለጥቂት ወራት ቢከፈትም በሰኔ 2013 ዓ.ም. ዳግመኛ ተዘጋ፤ የተመለሰው ጦርነቱን ካቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. ነው። ሰው ገንዘቡ በስሙ ተመዝግቦ እያለ ሊያወጣው አልቻለም። ባንክን፣ ስልክንና መንግሥታዊ አገልግሎትን በአንድ ቁጥር ላይ ማሰር ኑሮን ያቀልላል፤ የዚያኑ ያህልም ማብሪያና ማጥፊያው በእጁ ላለ አካል ጉልበት ይሰጣል።

የአገሪቱ ሕግ ባዶ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ያውጃል። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቶ ቁጥጥሩ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። ይሁን እንጂ መዝገቡን የሚይዘውም የሚቆጣጠረውም የመንግሥት ተቋም ነው፤ ስለዚህ የጥበቃው ልክ የሚታወቀው መንግሥት ራሱ መረጃውን አጥብቆ በሚፈልግበት ቀን ነው። በሌሎች አገሮች ይህን ፈተና ፍርድ ቤቶች ዳኝተዋል። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 «ሁዱማ ናምባ» የተባለውን መታወቂያ፣ በግል መረጃ ላይ የሚያመጣው ጉዳት አስቀድሞ ስላልተጠና ሕገወጥ ብሎታል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 «አድሃር» የተባለውን የአገሩን መታወቂያ ቢፈቅድም የግል ድርጅቶች እንዳያስገድዱበት፣ ለባንክ ሒሳብና ለስልክ ቁጥርም ግዴታ እንዳይሆን ወስኗል። በእኛ አገር ፋይዳ በስፋት የገባው ሕንድ በከለከለችው በዚያው በባንክ በር በኩል ነው።

የካርዱ ባለቤት ሊያደርግ የሚችለው ጥቂት ነው፤ ግን አለ። በስልክ የሚላከውን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አለመንገር፣ የካርዱን ፎቶ በቴሌግራም አለመላክ፣ ኮፒ የሚጠይቀውን ድርጅት «ለምን ይፈልጉታል? የት ያስቀምጡታል?» ብሎ መጠየቅ። የቀረው የተቋሙ ዕዳ ነው። አንድ ባንክ ወይም መሥሪያ ቤት የሰውን ማንነት ባጣራ ቁጥር ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደጠየቀ በመዝገብ መያዝ አለበት፤ ያንን መዝገብም ጠያቂው ብቻ ሳይሆን የመረጃው ባለቤት ማየት ይገባዋል። ኔትወርክ ሲጠፋም፣ ሆን ተብሎ ሲዘጋም ሰው ማንነቱን አስመስክሮ ገንዘቡን የሚያገኝበት መንገድ በሕግ ሊጻፍ ይገባል። መቀሌ ይህን ብትጠይቅ ከልምድ ነው እንጂ ከጥርጣሬ አይደለም።