ማታ የተስተካከለ ድምፅ ጠዋት ለምን ይጠፋል?

ኮምፒዩተር የነገሩትን የማይረሳ ዕቃ ነው ሲባል እሰማ ነበር። የኔው ግን ባለፈው ክረምት ለሁለት ሳምንት ያህል በየጠዋቱ እየረሳ አስቸገረኝ። ማታ ድምፁ ጠረጴዛዬ ላይ ባለው ድምፅ ማጉያ እንዲወጣ አዝዤው እተኛለሁ፤ ጠዋት ስከፍተው ትእዛዜን ትቶ ድምፁን በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ሞኒተሩ ይልከዋል። ሞኒተሩ ደግሞ ድምፅ ማጉያ የለውም።

አንባቢዬ እንደ ቀልድ አይይብኝ። የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የምጽፈው ከተቀዳ ድምፅ እያዳመጥሁ ስለሆነ እንጀራዬ የተያያዘው ከዚህ ጋር ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት አለቃዬ አጠገቤ ቆመው «እስቲ ሦስተኛውን አጀንዳ አሰማኝ» ቢሉኝ ኮምፒዩተሩ ጭጭ አለ። ወደ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ብወስደው፣ ገና ሳይከፍተው «የድምፅ ካርዱ ተቃጥሏል፤ አዲስ ይገዛ» ብሎ የደመወዜን ሢሶ የሚያህል ዋጋ ጠራልኝ። ካርዱ የተቃጠለ ቢሆንማ ማታ ማታ እንዴት ይዘፍናል? ብዬ ዕቃዬን ታቅፌ ተመለስሁ።

በሊኑክስ ኮምፒዩተር ውስጥ ድምፅን የሚያዝዘው ሹም አንድ ብቻ አይደለም። ከታች ሆኖ ከዕቃው ጋር የሚነጋገረው አልሳ ነው። ከሱ በላይ ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራው ፓይፕዋየር ሲሆን፣ ይኸው የዊም ታይማንስ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2021 በፌዶራ 34፣ በ2022 ደግሞ በኡቡንቱ 22.10 የቀድሞውን ፐልስኦዲዮ ተክቶ ገብቷል። ድምፁ በየትኛው በር ይውጣ የሚለውን የሚወስነው ግን ዋየርፕላምበር የሚባለው ጓደኛው ነው። አልሳና ዋየርፕላምበር የየራሳቸው ማስታወሻ ደብተር አላቸው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነብም።

አልሳ የድምፁን ከፍታ በደብተሩ የሚያሰፍረው ብዙውን ጊዜ ኮምፒዩተሩ በሥርዓት ሲዘጋ ነው። ስለዚህ መብራት ድርግም ብሎ የጠፋ እንደሆነ የዚያን ቀን ማስተካከያ ሳይጻፍ ይቀራል። መብራት በሚያስቸግርበት ሰፈር የሚኖር ሰው ድምፁን ካስተካከለ በኋላ በአስተዳዳሪ ሥልጣን «አልሳሲቲኤል ስቶር» የሚለውን ትእዛዝ ቢሰጥ መዝጊያውን ሰዓት ሳይጠብቅ ያስመዘግባል። የኔ ችግር ግን ከዚህ አልነበረም፤ የድምፁ ከፍታ እንዳለ ሆኖ የሚለወጠው መውጫው ብቻ ነበርና።

አንድ ወዳጄ ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር ድምፅ ማጉያውን በመለያ ቁጥሩ እየጠራ የሚመርጥ አጭር ትእዛዝ ጻፈልኝ። አንድ ቀን ሠራ፤ በማግሥቱ እንቢ አለ። ለካ ፓይፕዋየር ለዕቃዎቹ የሚሰጠው ቁጥር ኮምፒዩተሩ በተነሣ ጊዜ ሁሉ ሊለወጥ ይችላል፤ ዕቃን በረጅሙ ስሙ እንጂ በቁጥሩ መጥራት አይበጅም።

በመጨረሻ የዋየርፕላምበርን ደብተር ራሴ ለማየት ወሰንሁ። እሱ መዝጊያ ሰዓት ሳይጠብቅ፣ ምርጫው እንደ ተለወጠ ወዲያው የሚጽፍ ነው፤ የሚጽፈውም በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ፣ «ሎካል» በተባለው ስውር ፎልደር «ስቴት» ከሚለው ሥር ነው። ከፍቼ ባየው፣ ትናንት ማታ ምርጫዬን ለውጬ ሳለ ፋይሉ የተነካበት ቀን ሳምንታት ያለፉት ሆኖ አገኘሁት። የባለቤቱን ስም ብመለከት የኔ ስም አይደለም፤ «ሩት» ይላል፣ ማለት የማሽኑ የበላይ አስተዳዳሪ።

ይህን ሳይ ፊቴ ቀላ። ይህን ኮምፒዩተር በገዛሁ ሰሞን የአሮጌውን ማስተካከያ እንዳላጣ ብዬ ያንን ፎልደር በአስተዳዳሪ ሥልጣን የገለበጥሁት እኔው ነኝ! አስተዳዳሪ የገለበጠው ፋይል የአስተዳዳሪ ንብረት ሆኖ ቀረ፤ በኔ ስም የሚሠራው ዋየርፕላምበርም ሊጽፍበት አልቻለም። በየጠዋቱ ያነበበው የአሮጌውን ኮምፒዩተር ድምፅ ማጉያ ስም ነው። ያ ዕቃ ደግሞ እዚህ የለምና፣ ከተሰኩት መካከል የመሰለውን ራሱ ይመርጥ ነበር። ጠጋኙን በልቤ ስሰድብ መሰንበቴ ትዝ አለኝ፤ ቢሆንም ሳይከፍቱ ተቃጥሏል ማለትን አሁንም አልወድለትም።

በ«ቾውን» ትእዛዝ የፎልደሩን ባለቤትነት ወደ ስሜ መለስሁ፤ ድምፅ ማጉያውን መረጥሁ፤ ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ አስነሣሁት። ድምፁ በቦታው ነበር። በማግሥቱ አለቃዬ ሲመጡ ሦስተኛውን አጀንዳ ከመጀመሪያው ጀምሬ አሰማኋቸው፤ አዳምጠው ሲጨርሱ «ይህንማ ራሴ የተናገርሁት ነው» ብለው ሄዱ።