በብሮድባንድ ገበያ ቀዳሚነት ምን ያወጣል?

በሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያ በሚገኙ የስልክ መሸጫ ሱቆች ቀፎ ሊገዛ የመጣ ደንበኛ ከሚያነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ «ሁለት ሲም ይይዛል?» የሚለው ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ጥያቄው ሌላ ትርጉም አግኝቷል። ከ09 ጎን 07 ገብቷልና።

ይህ ለውጥ የሚመለከተው ተናጋሪውን ብቻ አይደለም። መንግሥት ከኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶውን፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። ከጥቅምት እስከ የካቲት 2017 ዓ.ም. በቆየው ሽያጭ የተገዙት ግን 10.7 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ስለሆነም በዘርፉ ቀዳሚ መሆን ምን ያህል ያወጣል የሚለው ጥያቄ ገንዘቡን ለሚያውል ሰው የኪስ ጉዳይ ሆኗል።

ማማውና ቀፎው

አዲስ ኔትወርክ ለምን ከሜክሲኮ መሰል ሰፈሮች እንደሚጀምር ለመረዳት ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ የአንቴና ማማ 50 ሰው ቢጠቀምበትም 5,000 ሰው ቢጠቀምበትም የመትከያ ወጪው ብዙ አይለያይም። ታክሲ ተራው፣ የባቡር ጣቢያው፣ መሥሪያ ቤቶችና የምርት ገበያው ነጋዴዎች በተሰበሰቡበት ቦታ ወጪው ቶሎ ይመለሳል። ቀድሞ የገባ ድርጅት እንዲህ ያለውን ቦታና ረብጣ ተጠቃሚ የሆነውን ደንበኛ ይይዛል።

ነገር ግን ማማው ብቻውን አያተርፍም፤ በደንበኛው ኪስ ውስጥ አዲሱን ኔትወርክ የሚቀበል ቀፎ መኖር አለበት። የጃፓኑ ዶኮሞ በ2001 እ.ኤ.አ. 3ጂን በዓለም ቀዳሚ ሆኖ ለገበያ ሲያቀርብ ቀፎዎቹ ባትሪያቸው ቶሎ የሚያልቅ፣ የኔትወርኩም ሽፋን ጠባብ ነበር። ተፎካካሪው ኬዲዲአይ ዘግይቶ ቢገባም ከነባሩ ኔትወርኩ ጋር የሚጣጣም ቴክኖሎጂ በመምረጡ በ3ጂ ደንበኞች ብዛት ቀደመው። ቴሊያሶኔራም በታኅሣሥ 2009 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልምና በኦስሎ የዓለምን የመጀመሪያ 4ጂ ሲከፍት፣ ኔትወርኩን የሚጠቀሙት ከኮምፒውተር ጋር በሚሰካ ሞደም እንጂ በስልክ አልነበረም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይህ ነው።

ያለ ተፎካካሪ መቅደም

በአዲስ አበባ ታሪኩ ለየት ይላል። ኢትዮ ቴሌኮም በመጋቢት 2007 ዓ.ም. በከተማዋ 4ጂን ሲጀምር ኔትወርኩ 400 ሺህ ደንበኞችን ለማስተናገድ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከኋላው የሚመጣ ተፎካካሪ አልነበረም። ከመዲናዋ ውጭ ያሉ ከተሞች ለዓመታት ጠበቁ። የ5ጂ ሙከራ ግን የተጀመረው ግንቦት 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህም ሳፋሪኮም በድሬዳዋ የሙከራ አገልግሎቱን ከጀመረበት ከነሐሴ 23 አራት ወር ያህል ቀድሞ ነው። ተወዳዳሪ መምጣቱ ሲታወቅ ፍጥነቱ ጨምሯል ማለት ይቻላል።

ይሁንና ለኢትዮ ቴሌኮም ትልቁ የቀዳሚነት ጥቅም የተገኘው ከኔትወርክ ትውልድ ሳይሆን ከቴሌብር ነው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ የአዲሱ ኦፕሬተር ጨረታ አሸናፊ ይፋ የሆነው ከ11 ቀን በኋላ ነው። ኤምፔሳ ወደ ገበያው የገባው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ቀዳሚው ከሁለት ዓመት በላይ ብቻውን ሠርቷል። ደንበኛ ሲም በቀላሉ ይቀይራል፤ ደመወዙን፣ የቤት ኪራዩንና የነዳጅ ክፍያውን ያሳለፈበትን ሒሳብ ግን በቀላሉ አይተውም።

የሁለተኛው ወጪ

ሳፋሪኮም የመራው ጥምረት ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ሌላው ተጫራች ኤምቲኤን ያቀረበው 600 ሚሊዮን ነበር። ለሞባይል ገንዘብ ፈቃድም 150 ሚሊዮን ዶላር ተጨምሯል። በአንጻሩ አዲሱ ኦፕሬተር አሮጌ መሣሪያ የመተካት ዕዳ የለበትም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅም መሠረተ ልማት መጋራትን በመፍቀዱ፣ ከራሱ ማማዎች በተጨማሪ የነባሩን ይከራያል።

ከባዱ ነገር ወጪው በዶላር፣ ገቢው በብር መሆኑ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የኬንያው ሳፋሪኮም በዚያው ግማሽ የበጀት ዓመት ትርፉ ሲቀንስ የብርን መዳከም በምክንያትነት ጠቅሷል። ይህ ሸክም ግን መሣሪያ ከውጭ የሚያስገባውን ነባሩን ድርጅትም አይምርም።

ባለሀብቱ ምን ይመልከት?

«በአገሪቱ የመጀመሪያው» የሚል ማስታወቂያ ስለ ትርፍ የሚናገረው ጥቂት ነው። መመዘኛዎቹ አራት ናቸው፦ አዲሱን ኔትወርክ የሚቀበሉ ቀፎዎች ብዛት፣ ከአንድ ማማ የሚገኘው የዳታ ገቢ፣ በሞባይል ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው ሒሳብና በውጭ ምንዛሪ ያለው ዕዳ። አክሲዮን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከፍጥነቱ ቁጥር በፊት እነዚህን ከሒሳብ መግለጫው መፈለግ ይኖርበታል። ቀድሞ የገባው ቦታውን ይይዛል፤ ቦታውን የሚያስጠብቅለት ግን ደንበኛው በየቀኑ የሚከፍልበት ምክንያት ነው።